ሳል የለኝም፣ ኤክስሬዬም ንጹህ ነው፣ ታዲያ የቲቢ መድሃኒት ለምን?

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣው፣ ጠያቂው የ31 ዓመት ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የሚባል የአከርካሪ መገጣጠሚያ ህመም ነው ተብዬ መታከም ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ዳይክሎፌናክም ኢንዶሜታሲንም ሰልፋሳላዚንም ወስጃለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ግን አሁንም ሰው ነው የሚደግፈኝ። ወንድሜ ከውጭ አዳሊሙማብ የሚባል መርፌ አራት ልኮልኝ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ባህር ዳር የሚያዩኝ ሐኪም ከመጀመርህ በፊት ብለው ደረት ኤክስሬይ፣ ክንድ ላይ የሚወጋ የቲቢ ምርመራ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ኤችአይቪ፣ ሰገራ አዘዙልኝ። የት የት እንደኖርኩም ጠየቁኝ፣ ልጅ ሆኜ የቅኔ ተማሪ እንደነበርኩ፣ ሁለት ዓመት ደሞ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርጄ እንደነበር ነገርኳቸው። ኤክስሬዩ ንጹህ ነው፣ ክንዴ ግን 12 ሚሊ ሜትር አብጦ የቲቢ መከላከያ ስድስት ወር ትወስዳለህ አሉኝ። ሳል የለኝም፣ ቢሲጂ ተከትቤያለሁ ጠባሳውም አለ። ስድስት ወር ልጠብቅ ነው? መርፌው ኤክስፓየር ሊያደርግብኝ ነው። ዝም ብዬ ብጀምረው ምን ይሆናል?»

አሁን አትጀምረው። ስድስት ወር ግን አትጠብቅም፣ እዚህ ላይ ወይ ተምታቶብሃል ወይ በጥድፊያ ነው የነገሩህ። መከላከያውን በጀመርክ በወሩ መርፌውን መጀመር ትችላለህ፣ ከዛ ወዲያ መከላከያው እስኪያልቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስለዚ የምትጠብቀው አንድ ወር ነው። ሐኪምህ ያዘዙት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አንዱንም አልቀንስልህም ነበር፣ እንዳውም አንድ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ብዙ ሰው ውስጥ ገብቶ ሳያሳምም ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከዓለም ህዝብ ሩብ ያህሉ እንዲህ ተይዟል ተብሎ ነው የሚገመተው፣ ኢትዮጵያ ደሞ ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ነች። ሰውነት ባክቴሪያውን ጨርሶ መግደል ሲያቅተው ዙሪያውን በሴል አጥሮ ያስቀምጠዋል። ያንን አጥር አቁሞ የሚይዘው ቲኤንኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ወገብህን የሚያቃጥለው፣ ጠዋት እንደ እንጨት ግትር የሚያደርግህም ያው ቲኤንኤፍ ነው። አዳሊሙማብ ሄዶ ይሄን ቲኤንኤፍ ይይዘዋል፣ ወገብህ ይፈታል፣ አጥሩም አብሮ ይላላል። መርፌው ወገብህን ከሳንባህ ለይቶ አያውቅም።

ይሄ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ የታተመ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ የሚባለውን፣ የአዳሊሙማብን ዘመድ፣ ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የወጣባቸውን 70 ሰዎች መዝግቧል፣ ግማሾቹ ላይ የወጣው በ12 ሳምንት ውስጥ ነው፣ ከግማሽ የሚበልጡት ላይ ደሞ ቲቢው ከሳንባ ውጪ ነበር። ከዛ ስፔኖች በ2002 ማንም ሳይመረመርና መከላከያ የሚያስፈልገው መከላከያ ሳይወስድ እንዳይጀምር የሚል መመሪያ አወጡ፣ በነዚህ ታካሚዎች ላይ ቲቢው 78 በመቶ ቀነሰ። ያንተ ሐኪም የሚሰሩት ይሄንኑ ነው።

ሳል የለኝም ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንዲት እናት አስታውሳለሁ ከቢቸና በኩል የመጡ፣ የእጅ መገጣጠሚያ ህመም፣ ሩማቶይድ፣ ነበረባቸው። ልጃቸው ከውጭ ያመጣችላቸውን የዚሁ ዓይነት መርፌ ምንም ሳይመረመሩ በሚያውቁት ሰው እያስወጉ ሁለት ወር ከምናምን ቆዩ። እጃቸው ተፈታ፣ ምጣድ ላይ አክምባሎውን በአንድ እጃቸው ማንሳት ጀመሩ፣ ቤተሰቡ በደስታ አለቀ። ከዛ ሆዳቸው ማበጥ ጀመረ። ስብ ነው፣ ምቾት ነው፣ ምግብ ስለተስማማቸው ነው ተባለ። አንድም ቀን አላሳላቸውም፣ እኔ ጋ ሲመጡ ኤክስሬያቸውም ምንም አልነበረበትም፣ ከሆዳቸው ውሃ ቀድተን ስናስመረምር ግን የሆድ ቲቢ ነበር። መርፌው ቆመ፣ የቲቢ ህክምናውን ጨርሰው ዳኑ፣ እጃቸው ግን በነዛ ወራት ተመልሶ ታሰረ። መርፌው ላይ ያለ ሰው ቲቢ ሲወጣበት በአንገት እጢ፣ በሆድ፣ በአከርካሪ፣ በአንጎል ሽፋን ሊሆን ይችላል፣ ሳልን መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ንጹህ ኤክስሬይ ማለት ደሞ አሁን ሳንባህ ውስጥ የሚሰራ ቲቢ አይታይም ማለት ነው እንጂ የተኛ የለም ማለት አይደለም። የተኛውን በተዘዋዋሪ የሚያሳየው የክንዱ ምርመራ ነው። ለጤነኛ ሰው 10 ወይ 15 ሚሊ ሜትር ነው የሚጠበቀው፣ እንዳንተ ቲኤንኤፍ የሚይዝ መርፌ ሊጀምር ላለ ሰው ግን 5 ሚሊ ሜትር በቂ ነው፣ አንተ 12 ነህ፣ አከራካሪ አይደለም። ሚለካው ደሞ መቅላቱ አይደለም፣ በጣት ሲዳሰስ ጠንከር ብሎ የሚቆመው እብጠት ነው፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሰለጠነ ሰው እጅ መነበብ አለበት። ይሄን የምለው ሌሎቻችሁም እንድታውቁት ነው፣ ከሩቅ የምትመጡ ሰኞ ወይ ማክሰኞ ተወጉ፣ አለበለዚያ ማንበቢያው ቅዳሜና እሁድ ላይ ይውልና ቤታችሁ ሆናችሁ ቀላ አልቀላ እያላችሁ ትገምታላችሁ። ፕሪዲኒሶሎን የሚባለውን የሰውነት መከላከያ የሚያወርድ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደሞ ቲቢው ተኝቶ እያለ ክንዱ ዝም ሊል ይችላል፣ ስለዚ ኔጌቲቭ ወጣ ማለት ሁሌ ነጻ ነህ ማለት አይደለም።

ቢሲጂስ? ቢሲጂ ህጻናትን ከከባድ ቲቢ፣ በተለይ ከአንጎል ሽፋን ቲቢ፣ ያድናል እንጂ አዋቂ ሆነህ እንዳትያዝ ዋስትና አይሰጥም። ክንድ ምርመራው ላይ የሚያመጣው እብጠትም ጨቅላ ሆኖ የተከተበ ሰው ላይ ዓመታት ሲያልፉ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። በ31 ዓመትህ የወጣን 12 ሚሊ ሜትር በቢሲጂ አላመካኝም። ኢግራ የሚባል በቢሲጂ የማይሳሳት የደም ምርመራ አለ፣ ግን ያንተ ታሪክ ላይ ኔጌቲቭ ቢወጣ እንኳን ሀሳቤን አይቀይረውም፣ ብርህን ለሌላ ምርመራ ያዘው። ሐኪምህ የት ኖርክ ብለው የጠየቁህ ለወሬ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ሆነህ በአንዲት ጎጆ ስንት ሆናችሁ ነበር የምታድሩት? በር ተዘግቶ፣ ጭስ ሞልቶ፣ አንዱ ሌሊቱን ሲያስል ሌላው አጠገቡ ደበሎውን ተከናንቦ። ቲቢ የሚተላለፈው እንደዛ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዝልኝ፣ አንተ የቲቢ በሽተኛ አይደለህም። የተኛ ቲቢ ወደ ማንም አይተላለፍም፣ እቃ መለየት የለም፣ ከልጅ መራቅ የለም፣ ለጎረቤት ማስረዳትም የለብህም። መከላከያ የሚሰጠውም የሚሰራ ቲቢ እንደሌለ በምልክትና በኤክስሬይ ከተጣራ በኋላ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሚሰራ ቲቢ ላለበት ሰው አንድ መድሃኒት ብቻ ከተሰጠ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ማታ ማታ የሚያልብህ፣ ክብደት የቀነስክ፣ አንገትህ ወይ ብብትህ ስር እብጠት ያለህ ከሆነ መከላከያውን ከመጀመርህ በፊት ተናገር። የሚሰራ ቲቢ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፣ ሙሉ ህክምናው ይቀድማል፣ መርፌው ወደ ኋላ ይሄዳል።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ በየቀኑ የሚዋጥ አይኤንኤች ነው፣ ለስድስት ወር፣ ነርቭ እንዳይጎዳ ከቫይታሚን ቢ 6 ጋር። ሌላው አይኤንኤች ከሪፋፔንቲን ጋር ሆኖ በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ነው፣ 12 ጊዜ ብቻ፣ 3ኤችፒ ይሉታል። ሁለቱም የታወቁ ናቸው፣ እኔ ላንተ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ ጤና ተቋሙ ቲቢ ክፍል ጠይቅ፣ በመንግስት ተቋም የቲቢ መድሃኒት በነጻ ነው። ስድስት ወር በየቀኑ ከሚዋጥ 12 ሳምንት ላይ የሚያልቅ ነው የሚጨረሰው፣ ሰው አይኤንኤችን ሦስተኛ አራተኛ ወር ላይ ደህና ነኝ ብሎ ሲተወው ብዙ አይቻለሁ። ሪፋፔንቲን ከምግብ ጋር ሲሆን የተሻለ ወደ ሰውነት ስለሚገባ ቀኑን እሁድ አድርገው፣ ከቅዳሴ መልስ ስትበላ ዋጠው፣ 12 እሁድ ቁጠር። ሽንትህ ብርቱካንማ ይሆናል፣ አትደንግጥ። ሌላ ቋሚ መድሃኒት ካለህ ግን ሪፋፔንቲን የብዙ መድሃኒቶችን ጉልበት ስለሚያወርድ ዝርዝሩን አሳያቸው፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱ እህቶችም እንደዛው።

የሚያሰጋው ጉበት ነው። አይኤንኤች ጉበት ይነካል፣ የምትወስደው ዳይክሎፌናክም ሰልፋሳላዚንም አልፎ አልፎ ይነካሉ፣ ስለዚ ከመጀመርህ በፊት የጉበት ምርመራ፣ ከወር በኋላ ድጋሚ። አረቄ ጨርሶ አትንካ፣ ጠላም ቢሆን እስክትጨርስ ቢቀርብህ ነው የምመክርህ፣ ድግስ ላይ መድሃኒት ይዣለሁ ማለት ነውር የለውም። ምግብ ካስጠላህ፣ ካቅለሸለሸህ፣ ሽንትህ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ፣ ዓይንህ ቢጫ ካለ ያኔውኑ አቁመህ ሂድ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ። ጠበል የምትሄድ ከሆነም ሂድ፣ ግን መድሃኒቱን ይዘህ ሂድ፣ እዛ ስትቆይ እንዳታቋርጥ። መርፌውን ከጀመርክ በኋላ ደሞ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ከሚያድርበት ቦታ ራቅ ብለህ ማደሪያ ፈልግ፣ አዲስ ቲቢ መያዝም አለና።

የጉበት ቫይረሱን ውጤት አልጻፍክልኝም፣ እሱ ሳይታይ መርፌው አይነካም። ሄፓታይተስ ቢ አገራችን ላይ ብዙ ነው፣ ክትባቱ ለህጻናት በመደበኛነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ አንተ ከዛ በፊት ነው የተወለድከው። በጋራ ምላጭ፣ እንጥል በማስቆረጥ፣ በንቅሳት፣ በግንኙነት፣ ከእናት ይተላለፋል፣ ዓይን ቢጫ ሳይሆን፣ የወፍ በሽታ ሳይባል ዓመታት ይቀመጣል። የቫይረሱን የላይ ፕሮቲን የሚያየው ፈጣን ምርመራ ሁሉም ጋ አለ፣ እሱ ብቻ አይበቃም፣ ኮር አንቲቦዲ የሚባለውም ይታዘዝልህ፣ ቫይረሱ አልፎ የሄደ የሚመስለውን ሰው የሚያሳየው እሱ ነው። የላይ ፕሮቲኑ ፖዘቲቭ ከሆነ መርፌው ክልክል ነው ማለት አይደለም፣ የቫይረሱ መጠን ይለካል፣ ቫይረሱን የሚይዝ ክኒን፣ ቴኖፎቪር ወይ ኢንቴካቪር፣ አስቀድመህ ትጀምራለህ፣ መርፌው ከቆመም በኋላ ለወራት ይቀጥላል። ሁለቱም ምርመራ ኔጌቲቭ ከሆነ ደሞ ክትባቱን አሁኑኑ ጀምር። ለሩማቶይድ ሪቱክሲማብ የታዘዘላችሁ ሰዎች ካላችሁ ኮር አንቲቦዲ ሳይታይ እንዳትጀምሩ አደራ፣ ቫይረሱን በመቀስቀስ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ትልቁን ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈበት ነው። ኤችአይቪ ቢገኝ በመድሃኒት ከተያዘ በኋላ ብዙ ጊዜ መርፌው ይቻላል፣ ሄፓታይተስ ሲም ዛሬ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ክኒን ይድናል፣ ስለዚ ውጤቱን ፈርተህ አትቅር።

ሰገራው ለምን ታዘዘ ብትል፣ በባዶ እግሩ የተራመደ ጎጃሜ ሁሉ የሚያሰጋኝ ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ትል ስላለ ነው። በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ውስጥ ራሱን በራሱ እያባዛ አስርት ዓመታት ይኖራል፣ ሰውየው አያውቀውም። አቅም ሲወርድ፣ በተለይ ፕሪዲኒሶሎን ሲጨመር፣ አንጀቱን አልፎ መላ አካል ይወርራል፣ ሰው ይገድላል። አንድ ጊዜ የታየ ሰገራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ስጥ፣ የደም ምርመራህ ላይም ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ከፍ ብሎ እንደሆነ ጠይቅ። ትል ነው ተብሎ አንድ አልቤንዳዞል ውጦ መሄድ ለዚህኛው አይሰራም፣ መድሃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው።

መተማን በተመለከተ፣ ሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሰው ግራር ስር፣ ጥቁር መሬቱ በተሰነጠቀበት ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው፣ ካላዛር የሚባለውን ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ያለችውም እዛው ነው። ካላዛርም እንደ ቲቢው ተኝቶ መቆየት ይችላል፣ ቲኤንኤፍ የሚይዙ መርፌዎች ላይ ሲቀሰቀስም ታይቷል። ምልክት ለሌለው ሰው የሚሰጥ መከላከያ የለም፣ እኔ የማደርገው ሆዱን ዳስሼ ጣፊያው አለማበጡን አያለሁ፣ የደም ቁጥሩን አያለሁ፣ ጥርጣሬ ካለ የካላዛር ምርመራ አዛለሁ፣ ከዛ መዝገቡ ላይ «መተማ ነበር» ብዬ እጽፋለሁ፣ በኋላ ትኩሳት ቢመጣ የሚያየው ሐኪም እንዲያውቀው። ያንተም ላይ እንዲጻፍ ጠይቅ።

ሌላ የምጨምረው፣ ወገብህ ራሱ። ስድስት ዓመት ሆኖሃል፣ የዳሌ ኤክስሬይ ወይ ኤምአርአይ ተነስተህ መገጣጠሚያው መጎዳቱ ታይቶ ከሆነ ጥሩ። ወገብ ያመኛል ብለህ በደም ምርመራ ብቻ የተባልከው ከሆነ ግን መርፌው ከመጀመሩ በፊት ምስሉ ይታይ። የአከርካሪ ቲቢም፣ ጥሬ ወተት ከሚጠጣበት ቤት የሚመጣ ብሩሴላም ወገብ ያማሉ። ያንተ ጠዋት ብሶ ስትንቀሳቀስ የሚቀል ህመም ይመስለኛል፣ ቀንና ሌሊት ሳይለይ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ በትኩሳት የታጀበ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ስለ አራቱ መርፌ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነው የሚወጋው፣ አራቱ ሁለት ወር ነው። መድሃኒቱ ሰራ አልሰራም የሚባለው ደሞ ወደ 12 ሳምንት ገደማ ነው፣ ስለዚ የያዝከው ለመፍረድ እንኳን አይበቃም። ጀምሮ ማቋረጥ፣ እንደገና ጀምሮ ማቋረጥ ሰውነት መድሃኒቱን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ እንዲሰራ መንገድ ይከፍታል፣ ከዛ በኋላ ቢመጣም ላይሰራልህ ይችላል። ለወንድምህ ደውልና ቀጣዩ እንዴት እንደሚመጣ ተነጋገሩ፣ የዚህን ወር ጊዜ ለሱ ተጠቀምበት። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ፍሪጁ መሃል መደርደሪያ ላይ አድርገው፣ ከኋላ ግድግዳው ጋ አይነካካ፣ ከቀዘቀዘና በረዶ ከያዘ ቢሟሟም ይጣላል። በእጅ ሲመጣ ስንት ቀን ከፍሪጅ ውጪ ነበር? መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ? ዋናው አዳሊሙማብ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 14 ቀን ነው የሚቆየው፣ ያንተ ሌላ ፋብሪካ የሰራው ከሆነ ወረቀቱን አንብብ። የማብቂያ ቀኑን ዛሬ እይ፣ አንድ ወር የሚቀርበት እንኳን ቢሆን ግን ቀኑ ሳያልፍ ብለህ ቸኩለህ አትጀምር። መርፌ ይተካል።

ይሄን ወር እንዴት ትለፈው? አንዱን የህመም ማስታገሻ በሐኪምህ መጠን በየቀኑ፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን አንድ ላይ አይወሰዱም፣ የጨጓራ መከላከያ አብሮ። ጠዋት ሙቅ ውሃ፣ ከዛ ወገብና ደረት የሚያፍታታ እንቅስቃሴ፣ በየቀኑ። ፋርማሲ ሄደህ ፕሪዲኒሶሎን እንዳትገዛ፣ ላንተ ህመም እምብዛም አይረዳም፣ ቲቢውንም ትሉንም የሚቀሰቅሰው እሱ ነው።

ሐኪምህ አደጋው ከበዛ ብለው መድሃኒቱን መቀየር ከፈለጉ አማራጭ አለ፣ ኢታነርሴፕት ያው ቲኤንኤፍ የሚይዝ ሆኖ ቲቢ የመቀስቀስ አደጋው ከአዳሊሙማብ ያነሰ ነው፣ ሴኩኪኑማብ ደሞ በሌላ መንገድ የሚሰራ፣ ከዛም ያነሰ። ምርመራው ግን ለሁሉም አይቀርም፣ ቶፋሲቲኒብ ለሚባለው ክኒንም ጭምር፣ እሱ ላይ እንዳውም አልማዝ ባለጭራ ይበዛል። መርፌው ላይ ካለህ በኋላ ህያው ክትባት፣ እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያለው፣ አይሰጥህም። በእርግዝና የዚህ ዓይነት መርፌ የወሰደች እናት ካለች ደሞ ህጻኑ እንደተወለደ ቢሲጂ እንዳይሰጠው ለአዋላጇ ቀድማ ትንገር፣ በዚህ የሞተ ህጻን ተመዝግቧል፣ ሐኪሟ እስኪፈቅድ ይቆይ።

መከላከያውን ስትጨርስ የክንዱን ምርመራ አታስደግም፣ ለዘላለም ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ምንም አይነግርህም። መከላከያውም ቢሆን አደጋውን በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ከዛ በኋላ የምትጠብቀው ምልክት ነው፦ ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የሆድ ማበጥ፣ እጢ፣ የማይለቅ ራስ ምታት። ከነዚህ አንዱ ሲመጣ የዛን ሳምንት መርፌ አትውጋ፣ ቅርብህ ያለ ጤና ተቋም ሂድና ካርድ ስታወጣ ገና ቲቢ የሚቀሰቅስ መርፌ ላይ ነኝ፣ መተማም ነበርኩ ብለህ ንገራቸው።